አባቷ ሆድ ውስጥ 4.3 ሴንቲሜትር የሰፋ የደም ቧንቧ ለተገኘባት እህቴ

«አባቴን ለኩላሊት አልትራሳውንድ ሲያነሷቸው፣ ሆዳቸው ውስጥ ዋናው የደም ቧንቧ 4.3 ሰፍቷል አሉን። እሳቸው ግን ምንም አያማቸውም፤ ምን እናድርግ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ እኛም እንዲሁ ነው የጀመረን። ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምንኖረው። የአባዬ 4.4 ነበር።

1. «አያመኝም» ሲሉ አትመኛቸው። አኦርታ የሚባለው ይሄ ዋናው የደም ቧንቧ ከልብ ይነሳና ደረት ላይ እንደ ቅስት ይታጠፋል። ከዚያ አከርካሪን ተደግፎ ይወርድና እምብርት አካባቢ ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግር ይሄዳል። ሆድ ላይ ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ 3 ከደረሰ አብጧል ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚያብጠው ወደ ኩላሊት ከሚሄዱት ቅርንጫፎች በታች ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ጋ ግድግዳው እንደ ደረቱ አይለጠጥም። በሰፋ ቁጥር ግድግዳው ይበልጥ ይወጠራል፣ ሲወጠር ደግሞ ይሰፋል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል።

2. ወረቀቱ እንዳይጠፋብሽ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። በስድስት ወር ተመለሱ ተብለን ነበር፤ አባዬ ደህና ናቸው ብለን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ዘገየን። ስንመለስ ካርድ ክፍሉ «ካርዱ የለም፣ አዲስ አውጡ» አለን። የድሮው ውጤት ካርዱ ውስጥ ነው ብል ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ «ቀጣይ!» ብሎ ከኋላዬ ያለውን ጠራ። አባዬን ግድግዳ አስደግፌ ግማሽ ቀን ቆምኩ። አዲሱ ልኬት 5.1 ወጣ። ሐኪሙ «በፊት ስንት ነበር?» ሲል በእጄ ምንም ወረቀት የለም። በቃሌ 4.4 አልኩ፤ በቃል የተነገረ ነገር ማን ይጽፍልሻል? በዓመት 1 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ አደጋ ነው፣ ግን ያንን ለማወቅ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬውኑ ወረቀቱን ፎቶ አንሺው። ቀኑን ጻፊበት፤ ቢቻል ሁሌም እዚያው ቦታ አስለኪ።

3. ወጌሻ። ይሄን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። ከዚያ በኋላ ወገባቸውን ሲያማቸው ጎረቤት «ሆዳቸው ተዛብቶ ነው» አለች፤ እኔ ራሴ ነኝ ሄጄ ወጌሻ ያመጣሁት። አባዬ መደብ ላይ በጀርባቸው ተኝተው ነጠላቸውን ሆዳቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ነጠላው ከእምብርታቸው ከፍ ብሎ ቱክ፣ ቱክ፣ ከልባቸው ጋር እኩል ይነሳል። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ በአውራ ጣቱ ሊጫን ሲል እጁን ያዝኩት። እግዚአብሔር ነው ያስያዘኝ! ያበጠ አኦርታ አይታሽም፣ አይጨመቅም። ድንገት ሆድ ወይም ወገብ ላይ ከባድ ሕመም ከመጣ፣ ላብና ራስ መሳት ካለበት፣ ፌጦ በጥብጦ መስጠት ሳይሆን መኪና ፈልጎ መሮጥ ነው። ከፈነዳ ብዙ ሰው ሆስፒታል ሳይደርስ ይሞታል።

በነጋታው ሲቲ ስካን አስነሳናቸው፣ 5.8 ነበር። ለወንድ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ጥገና የሚታሰበው ከ5.5 ጀምሮ ነው፤ ለሴት ከዚያ ዝቅ ይላል፣ እንደ አባዬ የሚያም ከሆነ ደግሞ ቁጥር አይጠበቅም። አዲስ አበባ ወስደን ያበጠውን ከፍተው ሰው ሠራሽ ቧንቧ ተኩላቸው። ዘንድሮ ጥምቀት ላይ ከፋሲል መዋኛ እስከ ፒያሳ በእግራቸው ተመለሱ፤ እኔ ነኝ የደከመኝ!

የአንቺ 4.3 ገና ክትትል ነው፣ አትደንግጪ። የደም ብዛት ክኒኑን «ግፊቱ ወርዷል» ብለው እንዳያቆሙ ተቆጫቸው፤ የወረደው በክኒኑ ነው። ሲጋራ ካለ ዛሬ ይቁም። አባዬ አርባ ዓመት ሹፌር ሆነው ያጨሱ ነበር፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው እሱን ነው።

ደግሞ በዘር ይሄዳልና ወንድሞችሽንም አስታዪ። የኔን ታላቅ ወንድም፣ 58 ዓመቱ ነው፣ እየተቆጣ ወስጄው 3.1 ወጣ። የእሱ ወረቀት እኔ ጋ ነው ያለው።