ስለ አባትሽ ዲቢኤስ፦ የደረሰብኝን ልንገርሽ

ሰላም እህቴ። አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። 64 ዓመታቸው ነው፣ ፓርኪንሰን ከያዛቸው 9 ዓመት ሆኗል፣ ሐኪማቸው ዲቢኤስ (ጭንቅላት ውስጥ ሽቦ አስገብቶ አንጎልን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃ ቀዶ ጥገና) ይሠራላቸው ብሏል። «ከዚያ በኋላ መድኃኒት ይተዋሉ ወይ? ወደ ድሮው ይመለሳሉ ወይ?» ነው ጥያቄሽ። እኔ እዚሁ ሜሪላንድ ከተሠራልኝ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የኖርኩትን ነው የምነግርሽ።

መድኃኒቱን አልተውኩም። በቀን ስምንት ፍሬ እውጥ ነበር፣ አሁን አራት ነው። በሽታውም አልቆመም፣ መንገዱን ይቀጥላል። ታዲያ ምን ተረፈህ ብትዪኝ፣ ሰዓት ነው የተረፈኝ። ድሮ ክኒኑ ሲይዘኝ ሳልፈልግ እወዛወዛለሁ፣ ሲለቀኝ እግሬ ከወለሉ ጋር የተሰፋ ይመስላል። በመሀል ደህና የምሆንበት ጊዜ ሁለት ሰዓት አይሞላም ነበር። አሁን ጭንቅላቴ ውስጥ የገቡት ሽቦዎች ቀን ከሌሊት ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካሉ፤ ያ መውጣትና መውረድ ረገበልኝ። ባትሪው ከአንገቴ ዝቅ ብሎ ደረቴ ላይ፣ ከቆዳ ሥር ነው። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ተለቅ ይላል። ልጅ ሲያቅፈኝ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

አንድ ነገር አስተውዪ። አባትሽ ክኒኑ ጥሩ አድርጎ በያዛቸው ሰዓት ምን ያቅታቸዋል? ያኔም የሚወድቁ ከሆነ፣ ያኔም ድምፃቸው የማይወጣ ከሆነ፣ ቀዶ ጥገናው ያንን አይመልስላቸውም። ክኒኑ የሚያሻሽለውን ነው እሱም የሚያሻሽለው። ለየት የሚለው መንቀጥቀጥ ነው፤ ክኒን እምቢ ያለውንም ጸጥ ሊያደርገው ይችላል። መርሳት ከጀመሩ ደግሞ አትደብቁ፣ ሊብስ ስለሚችል ሐኪሞቹ ቀድመው ይመረምራሉ።

አሁን አንድ የቡና ታሪክ ልንገርሽ። ከሆስፒታል ስወጣ ማሽኑ ገና አልተከፈተም ነበር፤ እጄ ግን ዝም ብሏል። ባለቤቴ ቡና አፈላች። ለዓመታት ለእኔ ሲኒው የሚቀዳው እስከ ግማሽ ነበር። ያን ቀን ሞልታ ሰጠችኝ። በአንድ እጄ ተቀበልኩ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። «ድኛለሁ» ብዬ ዘመድ አዝማድ ሳይቀር ደወልኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ለካ ሽቦው ሲገባ ቦታው ያብጣል፤ እብጠቱ ራሱ ለጊዜው ያስታግሳል። ቀድሞ የነገረኝ የለም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። አንቺ ለአባትሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው።

ከዚያ ማሽኑ ተከፈተ፣ ማስተካከሉ ተጀመረ። ሰባት ወር ፈጀብኝ። ትንሽ ከፍ ሲያደርጉት ከንፈሬ ይሳባል፣ ዝቅ ሲያደርጉት የእጄ መንቀጥቀጥ ይነሳል። ክኒኑ ሲቀነስ ደግሞ ሰው መጣ ሄደ ግድ የማይሰጠኝ ሆንኩ። ያየችው ባለቤቴ ናት እንጂ እኔ አላወቅኩትም። ስለዚህ ቀጠሮ ላይ አብራችኋቸው ግቡ።

ሙከራ ነው ብለው ከፈሩ፣ አይደለም በያቸው። ፕሮፌሰር ቤናቢድ ፈረንሳይ ግሮኖብል ላይ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፣ አሜሪካ ለፓርኪንሰን የፈቀደችው ደግሞ በ2002።

ምግብ ላይ ብዙም የተለወጠ ነገር የለም። ክኒኑን ከመብላቴ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እውጣለሁ፤ ፕሮቲን ይሻማዋልና። ክትፎ ብቻ አይምሰልሽ፣ የጾም ሽሮም ያው ነው። ባቄላ ውስጥ ሌቮዶፓ (የክኒኑ ዋና መድኃኒት) አለ ብሎ በባቄላ ልታከም የሚል ዘመድም አይጠፋም። እውነት አለው፣ ግን መጠኑን ማን ይለካል?

ዋና የሚያውቁ ከሆነ ብቻቸውን ውሃ አይግቡ። ማሽኑ ከተከፈተ በኋላ ዋና የጠፋባቸው ዋናተኞች አሉ። ኤርፖርት ላይ ማሽን እንዳለባቸው የሚገልጸውን ካርዳቸውን ያሳዩ። ዲያተርሚ የሚባለው የሙቀት ሕክምና ግን በፍጹም። ኤምአርአይ ከመግባታቸውም በፊት ማሽን እንዳለባቸው ይናገሩ። አገር ቤት ከርመው መምጣት ካሰቡ፣ የማይሞላው ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆየው፣ ከዚያ በትንሽ ቀዶ ጥገና ይቀየራል። የእኔ በየሳምንቱ ይሞላል። ደሴ ሄጄ መብራት በጠፋ ቁጥር ልቤ ድው ይል ነበር፤ ባትሪው ግን ገና ከግማሽ በላይ ነበረው።

ያልተመለሰልኝ ድምፄ ነው። እጄ ጸጥ የሚልበት ልክ ላይ ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ ማሽኑን በምቆጣጠርበት ሪሞቴ ላይ ሁለት ፕሮግራም ጫኑልኝ፣ አንዱ ለእጅ፣ አንዱ ለአፍ። እናቴ ስልክ ላይ «ምን ሆነህ ነው የምታንሾካሹከው?» ትለኛለች። እሁድ እሁድ ለእሷ ስደውል የአፉን እከፍታለሁ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ስፒከር አደርገዋለሁ፣ ቀኝ እጄ ላይ እቀመጥበታለሁ፣ ከዚያ እናወራለን።