«ከዚያስ?» እያላችሁ አንብቡ፦ ለሰሜን ሸዋ ወጣቶች

እንደምን ሰነበታችሁ ልጆቼ።

በሰሜን ሸዋ ተራሮች ላይ ያሉ የቴሌኮም ጣቢያዎችን ስጠግን ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስለ ኮምፒውተር፣ ስለ ኮርስ ስትጠይቁኝ «አጫጭር የሳይንስ ልብ ወለዶችንም አንብቡ» የምላችሁ ለምን እንደሆነ ዛሬ ላስረዳ።

ልጆች ሳለን ተረት ሲነገረን «እሺ፣ ከዚያስ?» እንል ነበር። የጥሩ ሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊም ሥራው ይኸው ነው። አንድ አዲስ መሣሪያ ወይም አንድ አዲስ ዓለም ያመጣል። ከዚያ ሰው ምን ይሆናል ብሎ እስከ መጨረሻው ይከተለዋል።

ከሁሉም አብልጬ የተሟገትኩት እ.ኤ.አ. በ1954 ከወጣው ከቶም ጎድዊን «ቀዝቃዛዎቹ ስሌቶች» ጋር ነው። አንዲት ትንሽ መንኮራኩር ለታመሙ ሰዎች መድኃኒት ይዛ ትበራለች። ነዳጇ ተለክቶ የተሰጣት ለአብራሪው ብቻ ነው። አንዲት ወጣት ወንድሟን ለማየት ብላ ተደብቃ ገብታለች። የእሷ ክብደት ሲጨመር መንኮራኩሯ በሰላም ማረፍ አትችልም። ስለዚህ ልጅቷ ወደ ጠፈር መውጣት አለባት። አብራሪው ክፉ ሰው አይደለም። ሊያድናት ይፈልጋል፤ ቁጥሩ ግን እምቢ አለው።

እዚህ ላይ ብታለቅሱ አይፈረድባችሁም። ከዚያ ግን እንባችሁን ጠርጋችሁ እንደ ባለሙያ ጠይቁ። ነዳጁን ያለ መጠባበቂያ የመደበው ማነው? በሩ ላይ መግባት ክልክል ነው ከሚል ጽሑፍ በቀር የሚያግድ ነገር ለምን አልነበረም? ከመነሳቷ በፊት ውስጧን የፈተሸ ሰው የታለ? የተፈጥሮን ሕግ ማንም አይለውጠውም። መጠባበቂያ አያስፈልግም ብሎ የወሰነው ግን ሰው ነው። በእኛ ሙያ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይረከባል፤ ባትሪው ሳይደክም ጄኔሬተሩ ይነሳል። በክረምት ተራራ ጫፍ ላይ ያለ ጣቢያ ቢቆም ቶሎ የሚደርስለት የለም። ያን ሰዓት ታች መንደር ምጥ ለያዛት ሴት አምቡላንስ ለመጥራት የሚደውል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገ መሐንዲስ ስትሆኑ «ምን ይደረግ፣ በጀቱ ይኸው ነው» የሚላችሁ አይጠፋም። ያን ጊዜ ይህቺን ልጅ አስታውሱልኝ።

የአይዛክ አሲሞቭ «የኃይል ስሜት» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ቢሆንም ለእናንተ ዘመን የተጻፈ ይመስላል። ሰው ስሌትን ሁሉ ለኮምፒውተር ትቶ ማባዛት ረስቷል። አንድ ተራ ቴክኒሻን በወረቀት ማባዛት እንደሚቻል በራሱ ይደርስበታል። ባለሥልጣናቱ ተአምር ያዩ ያህል ይገረማሉ። ከዚያስ? የጦር ሰዎች ይረከቡታል። ሰው በዋጋ ከኮምፒውተር ይረክሳልና ሚሳኤል ውስጥ አስገብተን እሱ ያብርረው ይላሉ። ቴክኒሻኑ ይህን ሲሰማ ራሱን ያጠፋል። በኤአይ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ አትሥሩ አልልም፤ ሥሩ። ግን የሰጣችሁን መልስ ራሳችሁ ማጣራት እስክትችሉ ድረስ ተማሩ። እኔን ይበልጥ የሚያመኝ ግን እውቀቱን ያገኘው ሰው ለምን ይዋል ተብሎ አለመጠየቁ ነው።

የሬይ ብራድበሪን «ለስላሳ ዝናብ ይመጣል» በአንድ ምሽት ትጨርሱታላችሁ። ሰዎቹ ካለቁ በኋላም ቁርስ የሚያዘጋጅ፣ ወለል የሚያጸዳ ቤት ታሪክ ነው።

የአርተር ሲ. ክላርክ «ኮከቡ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 የታተመ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የሆነ ካህን ከፈነዳ ኮከብ አጠገብ የጠፋ ሕዝብ ቅርስ ያገኛል። ከዚያ የፍንዳታው ብርሃን ምድር መቼ እንደደረሰ ያሰላል። መጨረሻውን አልነግራችሁም። እኔ አማኝ ነኝ፤ ታሪኩ አስጨንቆኛል። ግን ደጋግሜ አነበዋለሁ። ደብረ ብርሃንም አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ የመሠረቷት ከተማ ናት። ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ሃሌይ በየ76 ዓመቱ ገደማ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2061 ሲመጣ እናንተ ታዩታላችሁ። በእምነት ማየትና በሂሳብ ማየት ሁለቱም ይፈቀድላችኋል።

እነዚህ ሁሉ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። መዝገበ ቃላት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ብዙ ከመቁጠር አንዱን ሁለት ጊዜ ማንበብ ይሻላል።

ከዚያ የራሳችሁን ጻፉ። ማርስ ድረስ መሄድ የግድ አይደለም። ለገብሱ ውርጭ የሚፈሩትን የአገራችንን ገበሬዎች አስቡ። ውርጭ ከ3 ቀን በፊት የሚያስታውቅ መሣሪያ መጣ እንበል። ማስጠንቀቂያው በስልክ የሚደርስ ከሆነ ስልክ ለሌላቸው እማማ ማን ይነግራቸዋል? ነጋዴው ቀድሞ ቢሰማ በእህሉ ዋጋ ላይ ምን ያደርጋል? መሣሪያው 2 ጊዜ ተሳስቶ በ3ኛው ልክ ቢሆን ማን ያምነዋል? አንዱን ይዛችሁ 3 ገጽ ጻፉና አምጡልኝ፤ ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን።