አሮጌ ካምፐር ቫን ውስጥ ዕቃ የት ይቀመጣል? ጠይቁኝ

ያለሁት ዴንቨር ነው። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1987 ሞዴል ቮልስዋገን ቫናጎን ዌስትፋሊያ ናት። ጣሪያዋ ወደ ላይ ይከፈትና አልጋ ይሆናል። ምድጃ፣ ፍሪጅና የውሃ ታንከር አላት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ጉልበቱም 95 ፈረስ ብቻ ነው፤ ዳገት ላይ ትራክ ሳይቀር ይቀድመናል። ውስጧን ሁለት ጊዜ አፍርሼ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው አልተሳካም። ያየኝ ሰው ሁሉ «ዕቃው የት ይገባል?» ስለሚለኝ፣ የተጠየቅኩትን ሰብስቤ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እኛም እንዳንተው ዓይነቷን ገዛን። ሁለት ልጆች አሉን። ከየት እንጀምር?

ከማውጣት ጀምሩ። ከጉዞ ስትመለሱ ያለውን ዕቃ በሙሉ ብርድ ልብስ ላይ ዘርግፉት። ያልተነካውን ለይታችሁ ቤት አስቀሩ። እኔ ሦስት መጥበሻ ይዤ ዞሬ በአንዱ ብቻ ነው ስጠብስ የከረምኩት። ከዚያ ባዶ ቦታ ፈልጉ። የቁም ሳጥኑ በር ጀርባ ባዶ ነው። የፊት ወንበሮች ጀርባ ባዶ ነው፤ ጠንካራ ሸራ ላይ ኪስ አሰፍታችሁ እሰሩበት። የልጆች ልብስ፣ መጽሐፍና ጫማ እዚያ ያልቃል።

ከኋላ ወንበር ሥር ግን አደራ። በውሃ በሚቀዘቅዙት ቫናጎኖች የኋላው ማሞቂያ ያለው እዚያ ነው። ቱቦው ላይ ዕቃ ከጠቀጠቃችሁ አንድ ቀን የሞቀ የራዲያተር ውሃ ምንጣፉ ላይ ታገኛላችሁ። የፊት ወንበር ሥርም ባትሪ አለ፤ የቆርቆሮ ጣሳ እዚያ አይወሸቅም።

ጥያቄ፦ ስንት ኪሎ ብጭን ችግር የለውም?

ይሄ ከሁሉም መቅደም ያለበት ጥያቄ ነው፤ ግን ሰው የሚጠይቀው መደርደሪያውን ከሠራ በኋላ ነው። መኪናዋ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ፤ ትልቁ የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ተጽፏል። ከዚያ ውሃና ነዳጅ ሞልተህ፣ ቤተሰቡን አሳፍረህ፣ ለጉዞ እንደምትወጣ ጭነህ ሚዛን ላይ ውጣ። የት? ትራክ የሚነዳ ዘመድ ከሌለህ አበሻ አይደለህም! ጠይቀው፤ ካት ስኬል የሚባለው የትራክ ሚዛን ያለበትን ማረፊያ በቃሉ ያውቀዋል። ትንሽ መኪናም ይመዝናሉ። የፊቱንና የኋላውን ጎማ ለየብቻ ጽፈው ይሰጡሃል፤ ለእኛ ዋናው እሱ ነው።

ውሃንም አትርሳ፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። የእኔ ታንከር ወደ 50 ሊትር ይይዛል። ካምፕ ቦታው ውሃ ካለው ባዶውን ነው የምሄደው።

ጥያቄ፦ ጣሪያው ላይ ሳጥን ብጭንስ?

ከሹፌሩ በላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ለዚሁ የተሠራ ነው። ከሚከፈተው ጣሪያ ጋር አይነሳም። ቀላል ዕቃ ብቻ አድርግበት፦ የመኝታ ከረጢት፣ ድንኳን፣ የሚታጠፍ ወንበር። የሚከፈተው ክፍል ላይ ግን ሳጥን አልመክርም። ፋይበርግላስ ነው። በዚያ ላይ ማታ በዝናብ ጣሪያውን ከነጭነቱ በክንድህ ልትገፋው ነው። ወገብህን አስብ።

ሌላው ቁመት ነው። ከጫንክ በኋላ ከመሬት እስከ ላይኛው ጫፍ ለካና በፊትና በኢንች ጽፈህ መሪው አጠገብ ለጥፈው። የፓርኪንግ መግቢያ ላይ አስታወስኩ አላስታወስኩ የለም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ከኋላ ፓራውርቱ ላይ ሳጥን ማስገጠምስ? ወርክሾፑ «60 ኪሎ ይችላል» ብሎኛል።

ብረቱ ይችል ይሆናል። መኪናዋ ግን ሌላ ሒሳብ አላት። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.46 ሜትር ነው። ሳጥኑ ከኋላ ጎማው መሐል ወደ ኋላ 1.4 ሜትር ላይ ይቀመጣል እንበል። 60 ሲባዛ በ1.4፣ ሲካፈል ለ2.46፦ 34 ኪሎ። ይህን ያህል ከፊት ጎማዎች ላይ ይነሳል። የኋላው ላይ የሚጨመረው ታዲያ 60 አይደለም፣ 94 ነው። ሞተሩ ራሱ እዚያው ኋላ መሆኑን አትርሳ። የፊቱ ሲቀል መሪው ይላላል፤ የጎን ንፋስ ሲመጣ መኪናዋ ትዋኛለች።

የመጀመሪያው ሥራዬ የከሸፈው በዚህ ነው። ከኋላ ትልቅ ሳጥን አስገጠምኩና መሣሪያውን፣ ጋኑን፣ ከሰሉን ሁሉ እዚያ አጨቅኩት። ካንሳስ ሜዳ ላይ ንፋስ ሲመታን ባለቤቴ «ቀስ በል!» ትለኛለች፤ እኔ እኮ 80 ኪሎ ሜትር እንኳን አልሞላሁም። ስንመለስ አስነቀልኩት።

ካማረህ ትንሽ ሳጥን አድርግ፤ ትራስና ልብስ ጫንበት። ታርጋና የፍሬን መብራት እንዳይሸፍን። በውሃ በሚቀዘቅዘው ቫናጎን ዘይት የሚሞላው ከታርጋው ጀርባ ነው፤ ዘይት ለመጨመር ሳጥን መንቀል እንዳይኖርብህ ወደ ጎን የሚከፈተውን ምረጥ።

ጥያቄ፦ ለካቢኔት የትኛው እንጨት ይሻላል? ባለቤቴ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀው ጣውላ) ርካሽ ነው ይላል።

እህቴ፣ ርካሽ ነው፤ ይከብዳልም። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ 26 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በዚያው ልክ የፖፕላር ኮምፔንሳቶ 16 ኪሎ ቢሆን ነው። ኤምዲኤፍና ቺፑድ ደግሞ እርጥበት ሲነካቸው እንደ ዳቦ ያብጣሉ፤ ብሎኑም ይላላል። ቫን ውስጥ እርጥበት አይጠፋም፤ አራት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ ያደረበትን መስታወት ጠዋት እይው። ለበር 9 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከፍራሹ ሥር ያለውን ጣውላ ብሱለት፣ አየር ይግባው፤ አለዚያ ሻጋታ ነው።

ጥያቄ፦ ላሜራውን በትራፓኖ መብሳት ፈራሁ። ዝገት አያመጣም?

ፍራ፤ ጥሩ ፍርሃት ነው። መጀመሪያ የፋብሪካ ቀዳዳ ፈልግ፤ አሮጌ መኪና ላይ ከምታስበው በላይ አለ። የግድ ከሆነ ሽፋኑን አንሥተህ ከጀርባው ሽቦ አለመኖሩን በዓይንህ አይተህ ብሳ። የቀበቶ ማሰሪያ ያለበትን ቦታና ጣሪያውን የተሸከሙትን ምሰሶዎች አትንካ። የቀዳዳውን ጠርዝ ሞርደህ ዚንክ ያለበት ጸረ ዝገት ቀባ፤ ሳይደርቅ አትቸኩል። ላሜራው ቀጭን ስለሆነ ተራ ብሎን አይጨብጥም። ሪቭነት የሚባለውን፣ ላሜራው ውስጥ ተጨፍልቆ የሚቀረውን ባለ ጥርስ ዳዶ ተጠቀም።

ከፍ ብሎ የተሰቀለ ካቢኔት ውስጥ ደግሞ ከባድ ነገር አይገባም። በድንገት ፍሬን ብትይዝ የሽሮ ጣሳ ማጅራትህን ያገኝሃል።

ጥያቄ፦ ኩርባ ላይ መሳቢያዎቹ ይከፈታሉ። ማግኔት አድርጌ ነበር።

ማግኔት አይበቃም። ሲጫኑት የሚቆለፍ ቁልፍ አለ፤ የጀልባና የካምፐር ዕቃ የሚሸጡ ጋ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጀበናን እንዴት ታጓጉዛላችሁ? ሁለት ሰበርኩ።

አንገቷ ነው የሚሰበረው፣ አይደል? ካቢኔት ውስጥ አታቁሚያት። እኔ ከወለሉ አጠገብ ባለው መሳቢያ ወፍራም ስፖንጅ በጀበናዋ ቅርጽ ቆርጬ አስተኝቻታለሁ፤ አንገቷ የፎጣ ጥቅልል ላይ ያርፋል። ሲኒዎቹ ካልሲ ውስጥ ናቸው። ንጹሕ ካልሲ! ረከቦቱን ትቼ ትሪ ነው የምይዘው።

ከሰሉን ግን ውጭ። ዝናብ ቢዘንብም፣ በሩ ቢከፈትም ቫን ውስጥ ከሰል አይቀጣጠልም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ መስሎ ይወስዳል። ዋጋው ቀላል ስለሆነ መርማሪውን ግዢና አልጋው አጠገብ ስቀዪ። መደርደሪያ ስትሠሪም የፍሪጁን የውጭ አየር ማስወጫ እንዳትደፍኚ። ጋዝ ሲሊንደር የሚቀመጥበት ሳጥን ካለሽ ከታች ያለውን ቀዳዳም አትድፈኚ፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ የሚወጣው በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። አሮጌ ሃይሩፍ አለኝ፤ አልጋ ላስገባባት ነው። ፖርቶመጋላው ላይ ብጭን፣ ባለስትራም ባስጨምር?

ባለስትራ ማስጨመር መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል እንጂ ፍሬኗንና ጎማዋን አያሳድግም። የተፈቀደላት ጭነት ያው ነው። ያንተ ሞተር ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ከእኔ ይልቅ ኋላህ ነፃ ነው። አልጋውን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ሥራው፤ ከሥሩ ጄሪካኑ፣ ስኮርት ጎማውና ምድጃው ይገባል። ከባዱን ወደ መሐል፣ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት አድርገው። ፖርቶመጋላው ላይ ድንኳንና ፍራሽ ይበቃል። ብረቱን ከመግዛትህ በፊት ካርቶን ቆርጠህ አልጋውን ውስጧ ግጠምና ተኛበት። እኔ ሁለተኛውን የሠራሁት እንደዚያ ነው፤ እግሬ በሩን እንደሚነካ ያወቅኩት በካርቶን ነው።