ባለቤቴ አያስልም፤ ታዲያ ቲቢው ከየት መጣ?

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፤

ባለቤቴ 38 ዓመቱ ነው። ወገቡን ካመመው ወራት አልፈዋል። መጀመሪያ ዲስክ ነው ተባለና ማስታገሻ እየዋጠ ሥራውን ቀጠለ። አሁን ሕመሙ ሌሊት አያስተኛውም። ከስቷል፤ ማታ ማታ ያልበዋል። ኤምአርአይ ሲነሳ ሐኪሙ «የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ በመርፌ ናሙና እንውሰድ» አለን። እሱ ግን ሳል የለበትም፤ የደረት ራጁም ደህና ነው። መርፌው ሽባ ያደርገኛል ብሎ ስለፈራ «ዝም ብለው መድኃኒቱን ይስጡኝ» ይላል። የ2 ዓመት ልጅ አለችን። ከእሱ ላርቃት ወይ? እባክዎ ይምከሩኝ።

ጭንቀት የበዛባት ሚስት

መልስ

እህቴ፣ ከልጅሽ ልጀምር። አታርቂያት። ቲቢ የሚተላለፈው ከታመመ ሳንባ በሚወጣ ትንፋሽ ነው። አጥንቱን ብቻ የያዘው ሰው ልጁን ቢያቅፍ፣ አብሯት ቢበላ አያስይዛትም። የራጁ ደህና መሆን ጥሩ ዜና ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ለሳምንታት ሲያስል ከቆየ ግን እሱም ይመርመር።

ጀርሙ የሚገባው በሳንባ ነው። ከዚያ በደም ተጉዞ አጥንት ላይ ያርፍና ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ከአጥንት ቲቢ ግማሽ ያህሉ የሚወጣው አከርካሪ ላይ ነው። ብዙዎቹ ታማሚዎች ሳል የላቸውም። በሽታው ገና ሲጀምር የአከርካሪ ራጅም ላያሳየው ይችላል፤ ለዚህ ነው «ዲስክ ነው» እየተባለ ጊዜ የሚያልፈው።

አሁን ወደ መርፌው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ግን ናሙናው እንዲወሰድ አጥብቄ እመክራለሁ። ብሩሴሎሲስ (ከእንስሳትና ካልፈላ ወተት የሚይዝ በሽታ)፣ ሌላ ባክቴሪያ፣ ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ካንሰርም በኤምአርአይ ላይ ቲቢ ሊመስሉ ይችላሉ። ቲቢ ቢሆንም እንኳ መድኃኒት የተላመደ ሊሆን ይችላል። በግምት ተጀምሮ ካልተሻለው ምክንያቱን ማወቅ ይከብዳል። ሐኪሙ መርፌውን የሚያስገባው ብዙ ጊዜ በሲቲ ስካን እያየ ነው። ጉዳት የሚያደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። ናሙናው በጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ጀርም በዘረመሉ በሚለየው ማሽን) ሲመረመር ውጤቱ በሰዓታት ይደርሳል፤ ጀርሙ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት መላመድ አለመላመዱንም ያሳያል። ለካልቸርም (ጀርሙን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ለማየት) እንዲላክ ጠይቁ፤ እሱ ሳምንታት ይፈጃል። አጥንት ውስጥ ጀርሙ ትንሽ ስለሆነ ምርመራው ላያገኘው ይችላል። ያኔ ሐኪሙ ምልክቱንና ምስሉን አይቶ መድኃኒት ቢያስጀምር ትክክል ነው።

ሽባነትን የሚያመጣው መዘግየት ነው። መግሉና የተደረመሰው አጥንት ሕብለ ሰረሰርን ይጫኑታል። እግሩ ከዛለ፣ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ወገቡንም ማንም እንዳያሸው።

ቲቢ መሆኑ ከተረጋገጠ ሕክምናው ይሠራል። በተለመደው አሰራር 2 ወር አራት መድኃኒት፣ ከዚያ ሁለቱን መድኃኒት ብቻ፣ በጠቅላላ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወር ይወስዳል። ቀዶ ሕክምና ለሁሉም አያስፈልግም፤ ነርቭ ሲጫን ወይም አከርካሪው ሲጎብጥ ነው የሚታሰበው። የኤችአይቪ ምርመራም ያድርግ፤ ሕክምናውን ለማቀድ ይረዳል።

በጣም የምፈራው ሕመሙ የሚተወውን ጊዜ ነው። ያኔ «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ሊያቆም ይችላል። ጀርሙ ግን ገና አልሞተም፤ ተመልሶ ሲመጣ መድኃኒቱን ተላምዶ ሊሆን ይችላል። ሽንቱ ብርቱካናማ ቢሆን አትደንግጡ፤ ከሪፋምፒሲን ነው። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ካስመለሰው ወይም ቀለም መለየት ካቃተው ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪሙ ሂዱ።