እኩል ውጤት ይዞ አንዱ ሲገባ ሌላው ለምን ይቀራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የእህቴ ልጅ ኖተር ዴም ዩኒቨርሲቲ ስለሚማር የአሜሪካን የኮሌጅ ፉትቦል መከታተል ጀምሬአለሁ። በ2025 (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመን ኖተር ዴም ከ12 ጨዋታ 10 አሸንፎ ጥሎ ማለፉ ውስጥ ሳይገባ ቀረ፤ ያው 10 ያሸነፈው ማያሚ ግን ገባ። እስታዲየም ጀርባ ቡና የምንጠጣ ጓደኛሞች ስንከራከር «በጎል ክፍያ ነው» ተባለ። እውነት ነው? ምን ቢያደርግ ይገባ ነበር?
አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ የጎል ክፍያ አይደለም። እንደ ፕሪሚየር ሊጋችን ነጥብ ተደምሮ የሚወጣ አንድ ሰንጠረዥም የለም። በኮሌጅ ፉትቦል ከፍተኛው እርከን ከ130 በላይ ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱ በመደበኛው ወቅት 12 ጨዋታ ብቻ ስለሚጫወት አብዛኞቹ እርስ በርስ አይገናኙም። ስለዚህ 13 አባላት ያሉት መራጭ ኮሚቴ ተቀምጦ ከ1 እስከ 25 ደረጃ ያወጣል።

በ2025 12 ቡድን ወዳለበት ጥሎ ማለፍ የሚገባው በሁለት መንገድ ነበር። አምስቱ ቦታ ከየኮንፈረንሱ (ቡድኖቹ ተከፋፍለው ከሚወዳደሩባቸው ማኅበራት) ሻምፒዮኖች መካከል ኮሚቴው ከፍ ያለ ደረጃ ለሰጣቸው አምስቱ ነበር። ቀሪው ሰባት ቦታ በደረጃ ብቻ ይሞላ ነበር። ኖተር ዴም በፉትቦል የየትኛውም ኮንፈረንስ አባል ስላልሆነ የመጀመሪያው መንገድ ዝግ ነበር። ሻምፒዮን መሆን ብቻውንም ዋስትና አይሰጥም ነበር፦ በዚያው ዓመት ዱክ የኮንፈረንሱን ዋንጫ ቢያነሳም አምስት ጊዜ ተሸንፎ ስለነበር ቦታውን እነቱሌንና ጄምስ ማዲሰን ወሰዱት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ኮሚቴው የመጀመሪያውን ደረጃ ካወጣበት ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ኖተር ዴም ከማያሚ በላይ ነበር። ከመጨረሻው ውሳኔ በፊት በነበረው ማክሰኞ ኖተር ዴም 10ኛ፣ ብሪገም ያንግ 11ኛ፣ ማያሚ 12ኛ ሆኑ። በሳምንቱ መጨረሻ ኖተር ዴምና ማያሚ ሳይጫወቱ ብሪገም ያንግ በኮንፈረንስ ፍጻሜ በቴክሳስ ቴክ 34 ለ7 ተሸነፈና ወደ ታች ወረደ። መሐላቸው የነበረው ቡድን ሲነሳ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ያኔ ኮሚቴው በወቅቱ መክፈቻ ማያሚ 27 ለ24 ያሸነፈበትን የእርስ በርስ ጨዋታ አነሳ። ማያሚ 10ኛ፣ ኖተር ዴም 11ኛ ሆነ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቦታዎች ለቱሌንና ለጄምስ ማዲሰን ስለተያዙ 11ኛነት አላስገባውም።

ሜዳ ላይ የተገኘ ውጤት መከበሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን መከበር የነበረበት ከመጀመሪያው ሳምንት አንስቶ ነው። የኖተር ዴም ደጋፊዎች ሌላ ቅሬታም ሚዛን ይደፋል፦ አላባማ በኮንፈረንሱ ፍጻሜ በጆርጂያ 28 ለ7 ተሸንፎ ሦስተኛ ሽንፈቱን ሲያስመዘግብ ከ9ኛ ደረጃው ንቅንቅ አላለም።

ምን ቢያደርግ ይገባ ነበር? ሁለቱ ሽንፈቶቹ ከማያሚና ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ጋር ሲሆኑ፣ የሁለቱ ልዩነት ተደምሮ አራት ነጥብ ነው። አንዱን ቢያሸንፍ 11 ድልና አንድ ሽንፈት ይዞ ክርክር አይነሳም ነበር። ኮሚቴው የሚያየው ማንን እንዳሸነፉ፣ በማን እንደተሸነፉ፣ የጋራ ተጋጣሚ ላይ ምን እንዳመጡና የጉዳት ሁኔታን ነው። ለጉዳቱ ጉዳይ የ2023ቱን ፍሎሪዳ ስቴት ያስታውሱ፦ 13 ጨዋታ ሁሉንም አሸንፎ፣ ዋናው ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) እግሩ ስለተሰበረ ያኔ አራት ብቻ ከነበሩት ቦታዎች ውጭ ቀረ። ስለዚህ በዚያ ሥርዓት ሁለት ሽንፈት ያለበትና ኮንፈረንስ የሌለው ቡድን ዕጣው በሌሎች ውጤት ላይ ይንጠለጠል ነበር።

ጥያቄ፦ ደረጃው በእኛ ሰዓት መቼ ይወጣል?
ከካዛንቺስ

መልስ፦ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ማክሰኞ ማታ በአሜሪካ ስለሚነገር ረቡዕ ንጋት ላይ ያገኙታል። የመጨረሻው ምርጫ ኅዳር ማብቂያ ላይ ይፋ ይሆናል፤ በ2025 እሑድ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ነበር። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያሉት የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ያሉት በሜዳቸው ያስተናግዳሉ። የቅዳሜ ጨዋታዎች ቀደም ብለው የሚጀምሩት ምሽት 1 ሰዓት ነው፤ አሜሪካ በጥቅምት መጨረሻ ሰዓቷን ስትቀይር 2 ሰዓት ይሆናል።