እንጀራ ሳትተዪ በደንብ መብላት ትችያለሽ

እህቴ ሰላም ነሽ? ጥያቄሽን አየሁት። ቢሮ ስለምትውይ ምሳ ውጭ እንደምትበይ፣ ኪሎ እንደጨመርሽ፣ እናትሽ ስኳር ስላለባቸው አንቺም እንደሰጋሽ ጽፈሻል። «ውድ ያልሆነ ጤናማ ምግብ ንገሩኝ» ብለሻል። የእኔም ጭንቀት ከሁለት ዓመት በፊት ይሄው ነበር። ያደረግሁትን ልንገርሽ።

በባዶ ሆዴ ስለካ ስኳሬ 118 ወጣ። ከ100 እስከ 125 ያለው ገና የስኳር በሽታ ባይባልም ወደዚያው እየሄድሽ ነው ማለት እንደሆነ ያኔ ነው የሰማሁት። የታየሁበት ክሊኒክ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ብሮኮሊ፣ ሳልሞን፣ ምናምን ይላል። ሳልሞኑን ከየት አመጣዋለሁ? ባመጣውስ፣ ልጆቼና ባለቤቴ ሽሮ ሲበሉ እኔ ለብቻዬ ሌላ ድስት ልጥድ ነው? ሦስት ሳምንት እንኳ አልዘለቅሁበትም።

ኋላ የራሴን ማዕድ ደህና አድርጌ አየሁት። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ ጤፍ። ምን ወጣለት? ያበላሸሁት በዘይቱ፣ በእንጀራው ብዛትና በስኳሩ ነው።

እንጀራ አልተውኩም። አንቺም እንዳትተዪ። ጤፍ ፋይበርም ብረትም አለው። ግን እኔ በአንድ ምሳ ሙሉ እንጀራ በልቼ እጨምር ነበር፤ ወጡ ለማጥቀሻ ያህል ብቻ ነበር። አሁን ግማሽ እንጀራ ነው የማነሳው፣ ጎመኑንና ምስሩን ግን እጥፍ አድርጌ አወጣለሁ። በአንድ ትሪ ሲበላ ደግሞ ስንት እንደበላሽ አይታወቅሽም። ጨዋታው አለ፣ ጉርሻው አለ። ስለዚህ በአዘቦት ቀን ለብቻዬ በሳህን አቀርባለሁ። እናቴ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር፤ ምክንያቱን ስነግራት ገባት። እሁድ እሁድ ግን ሁላችንም ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፣ እሱንስ አልተውም።

ዘይቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነውና። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ አለው። እኔ ደግሞ ከጀሪካኑ በግምት ነበር የማንቆረቁረው። አሁን ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላላዋለሁ፤ የራሱ ውሃ አለው፣ ሊይዝብኝ ሲል ሙቅ ውሃ ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ፣ በደንብ ከበሰለ በኋላ ለአራት ሰው ወጥ ሦስት ማንኪያ ዘይት አገባለሁ፣ ከዚያ በርበሬው ይከተላል። ቁሌቱ ጊዜ ከተሰጠው ወጡ ይጣፍጣል፣ እመኚኝ። ብርድ ሲነካው የሚረጋውን የፓልም ዘይት ትቼዋለሁ፣ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጅ ቅባት ነው። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት እገዛለሁ። ዋጋው ቢወደድም ትንሽ ስለምጠቀም ይበረክትልኛል።

ጾም ላይ በተለይ ተጠንቀቂ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብም አለ። ሥጋና ቅቤ ስለቀረ ብቻ ቀላል ምግብ የበላን ይመስለናል። እኔ እንዲያውም የምወፍረው በጾም ነበር። ሳምቡሳ፣ ብስኩት፣ የተጠበሰ ድንች፣ ዳቦ በሻይ።

ቁርስ ላይ ዳቦውን በአጃ ቂንጬ ተካሁት። ማታ ዘፍዝፌው ካደርኩ ጠዋት ቶሎ ይበስላል። ከውጭ የሚመጣውን የታሸገውን መግዛት የለብሽም፣ የኛው አጃ ገበያ ላይ አለ። ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ አንድ ማንኪያ ጣል አድርጊበት። ሌላ ቀን ፉል፣ ወይም ሁለት እንቁላል በቲማቲምና በቃሪያ። ከቸኮልሽ በሶ በጥብጠሽ ጠጪ፣ ግን ያለ ስኳር።

ስኳሩን ቁጠሪው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሁለት ሁለት ማንኪያ ካደረግሽ የቀኑ ድርሻሽ እዚያው አለቀ። አንድ ጠርሙስ ኮካ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ አለው። እኔ ቡናዬን ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ግማሽ ለማውረድ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። አሁን በጤና አዳም ብቻ ነው የምጠጣው። ሻይና ቡናውን ደግሞ ከምግብ ሰዓት ትንሽ አርቂው፣ ሰውነታችን ከምስሩና ከጎመኑ የሚወስደውን ብረት ይቀንስብናል።

ምሳ ውጭ ከሆነ በያይነቱ እዘዢ፣ ጎመንና ቀይ ሥር እንዲያበዙልሽ ጠይቂ። 10 ሰዓት ላይ ሲርብሽ ኬክ ቤት ከመግባት አንድ እፍኝ ቆሎ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።

በዘጠኝ ወር 7 ኪሎ ቀነስኩ፣ ስኳሬም 96 ገባ። የእግር መንገድም ጀምሬ ስለነበር ሁሉንም በምግብ ነው አልልሽም። እናትሽ ግን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ምግባቸውን በድንገት እንዳትቀንሺባቸው፣ ስኳራቸው ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ከቻልሽ በሳምንት ሦስት ቀን ምሳ ዕቃ ያዢ። ለእኔ የተመቸኝ አዚፋ ነው፣ ማሞቂያ አይፈልግም። ሁለት ኩባያ ድፍን ምስር ቀቅዪ። ሲቀዘቅዝ ግማሹን ፈጨት አድርጊው። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሰናፍጭ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ትንሽ ጨው፣ ሎሚ ደግሞ አትቆጥቢ፣ ብረቱ ለሰውነት እንዲስማማ ያግዛል። እሁድ ማታ ሠርተሽ ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጥሽው እስከ ረቡዕ ምሳ ያደርስሻል። ከቲማቲም ሰላጣና ከግማሽ እንጀራ ጋር ሞክሪውና እንዴት እንደሆነልሽ ጻፊልኝ።