ግሪኮችና ፋርሶች፦ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

የግሪክ የከተማ መንግሥታት ከፋርስ ጋር ስላደረጉት ጦርነት ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች እንደ አቅሜ መልስ እሰጣለሁ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ፋርስን የሚያህል ግዛት እነዚያን ትንንሽ ከተሞች ለምን ፈለጋቸው?

መልስ፦ ጠቡ የተጫረው በግሪክ ምድር ሳይሆን በዛሬይቱ ቱርክ ምዕራባዊ ጠረፍ ነው። በዚያ የሚኖሩት የኢዮንያ ግሪኮች ከቂሮስ ዘመን ጀምሮ ለፋርስ ሲገብሩ ቆይተው በ499 ዐመፁ፤ አቴና 20፣ ኤሬትሪያ ደግሞ 5 መርከቦች ልከው ረዷቸው፤ በ498ም የፋርስ አገረ ገዥ መቀመጫ የነበረችው ሰርዴስ ተቃጠለች። ዐመፁ በ494 ከሚሊጢን መውደቅ ጋር ቢከሽፍም የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ ቂሙን አልረሳም። በ490 የላከው ጦር ኤሬትሪያን አጥፍቶ ማራቶን ሲያርፍ መንገድ እየመራ ያመጣው ከሥልጣኑ የተባረረው የአቴና ገዥ ሂጲያስ ነበር። ግሪክ በግሪክ ላይ ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነም።

ጥያቄ፦ አቴናውያን ማራቶን ላይ ሲያሸንፉ ከዚያ ሮጦ ድሉን ያበሠረው መልእክተኛ ታሪክ እውነት ነውን?

መልስ፦ የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የሚተርክልን ሌላ ሩጫ ነው። መልእክተኛው ከውጊያው በፊት እርዳታ ለመለመን ከአቴና ወደ ስፓርታ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ በማግሥቱ ደረሰ፤ ስፓርታውያን ግን ጨረቃ ሳትሞላ መዝመት ሕጋችን አይፈቅድም አሉት። ድሉን አብሥሮ ስለ ሞተው ሯጭ የሚነገረው የተጻፈው ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ውድድርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዘግይቶ ከመጣ ትረካ ነው።

ጥያቄ፦ ከዳርዮስ በኋላ ግሪክን የወረረው የፋርስ ንጉሥ የዜርክሲስ ሠራዊት በእርግጥ ከሚሊዮን በላይ ነበርን?

መልስ፦ ሄሮዶቱስ እግረኛውን ብቻ 1,700,000 ያደርሰዋል፤ አቆጣጠሩንም ይነግረናል። በመጀመሪያ 10,000 ሰዎች እጅግ ተጠጋግተው እንዲቆሙ ተደርጎ ዙሪያቸውን መስመር ተሠመረ፤ እነርሱ ከወጡ በኋላ በመስመሩ ላይ እስከ እምብርት የሚደርስ አጥር ታጠረ፤ የቀረውም ሠራዊት በየተራ እየገባበት፣ እህል በቁና እንደሚሰፈር፣ 170 ጊዜ ተሰፈረ ማለት ነው። ዘዴው ብልኀት አለው፤ ነገር ግን ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ ውኃና ስንቅ በመንገዱ ላይ ሊገኝ ስለማይችል የዛሬ ሊቃውንት ቁጥሩን አይቀበሉትም። ሠራዊቱ ብዙ መሆኑ ግን አያጠራጥርም፤ ብዛቱም ራሱ ከባሕር በሚመጣ ስንቅ ላይ ጥገኛ አድርጎታል።

ጥያቄ፦ ቴርሞፒሌ ላይ የተዋጉት 300 ስፓርታውያን ብቻ ናቸውን?

መልስ፦ አይደሉም። በ480 የስፓርታ ንጉሥ ሊዮኒዳስ ጠባቡን መተላለፊያ የያዘው ከልዩ ልዩ ከተሞች በመጡ ወደ 7,000 በሚጠጉ ሰዎች ነው። ኤፊያልተስ የተባለ ባንዳ ፋርሶችን በተራራው ዱካ መርቶ ከኋላ ካስገባቸው በኋላ ብዙዎቹ ቢሸኙም 700 የቴስፒያ ሰዎች እስከ መጨረሻው ቆመዋል። ከተማቸው ኋላ ተቃጥላለች፤ ዝናውን ግን ስፓርታ ብቻዋን ወሰደችው፤ ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጦርነቱን የወሰነው ምንድን ነው?

መልስ፦ በእኔ ግምት ብርና መርከብ ነው። በ483 ገደማ ላውሪዮን በተባለው የአቴና ማዕድን ብዙ ብር ሲገኝ ዜጎች ለእያንዳንዳቸው 10 ድራክማ (የግሪክ ገንዘብ) ሊከፋፈሉት አስበው ነበር፤ የአቴናው መሪ ቴሚስቶክለስ ግን የጦር መርከብ እንዲሠራበት አሳመናቸው። ያቀረበው ምክንያት ፋርስ ሳትሆን ከአቴና ማዶ ያለችው ባላንጣ ደሴት ኤጊና ነበረች፤ ሰው ሩቅ ካለ ንጉሥ ይልቅ ደጁ ላይ ያለውን ጎረቤት ይፈራልና። በ480 አቴናውያን ከተማቸውን ለቃጠሎ ትተው ወጡ፤ ቴሚስቶክለስም ግሪኮች ሊሸሹ ነው የሚል መልእክት በአገልጋዩ በሲኪኖስ እጅ ወደ ፋርሶች ላከ። ፋርሶች መውጫውን ሲዘጉ ሌሊቱን ሲቀዝፉ አደሩ፤ በማግሥቱም በጠባቡ በሳላሚስ ወሽመጥ ብዛታቸው እርስ በርስ አጋጫቸውና ተሸነፉ። ዜርክሲስ ይህን ሁሉ ከባሕሩ ዳር ተቀምጦ ይመለከት ነበር።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያውያን በዜርክሲስ ጦር ውስጥ ነበሩ ይባላል። እውነት ነውን?

መልስ፦ ሄሮዶቱስ ይጠቅሳቸዋል፦ የነብርና የአንበሳ ቆዳ የለበሱ፣ ከዘንባባ የተሠራ ረጅም ቀስትና የድንጋይ ጫፍ ያለው ፍላጻ የያዙ፣ ወደ ውጊያ ሲገቡም ገላቸውን እኩሌታውን ነጭ እኩሌታውን ቀይ የሚቀቡ ናቸው። ሆኖም ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ በዋናነት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የኩሽ ምድር፣ የዛሬውን ሱዳን፣ ማለታቸው ስለሆነ በቀጥታ የእኛ አባቶች ናቸው ማለት አይቻልም። በአማርኛው መጽሐፈ አስቴር ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ የነገሠው አርጤክስስም፣ ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ይኸው ዜርክሲስ ነው።

ጥያቄ፦ ከፋርስ ጎን የቆሙ ግሪኮች ነበሩን?

መልስ፦ ብዙዎች ነበሩ። ቴቤስ በ479 በፕላቴያ ሜዳ ከፋርሱ የጦር አዛዥ ከማርዶኒዮስ ጋር ተሰልፋ ወገኖቿን ወግታለች። የሄሮዶቱስ የትውልድ ከተማ የሐሊካርናሶስ ንግሥት አርጤሚስያም በሳላሚስ ለዜርክሲስ መርከቦች መርታለች።

ጥያቄ፦ ፋርሶች በፕላቴያ ከተሸነፉ በኋላ ነገሩ አበቃን?

መልስ፦ የፋርስ ወረራ አበቃ እንጂ ፋርስ ከግሪኮች ጉዳይ እጇን አላወጣችም። ስፓርታ በ404 አቴናን ያሸነፈችው በፋርስ ገንዘብ በተሠሩ መርከቦች ነው። የነገሩ ሁሉ መነሻ የሆኑት የኢዮንያ ከተሞችም በ386 በተደረገው ውል ስፓርታ ራሷ ተስማምታበት ለፋርስ ንጉሥ ተመልሰው ተሰጡ።